የገዢው ሰው

ፀሐይ ከቆላው ማዶ ወጥታ በገደሉ አፋፍ የተኛውን ጉም ገና ሳትገፈው፥ ጎረቤላ በዐይን ከመታየቷ በፊት በጆሮ ትታወቃለች፤ በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ደወል፥ ቀጥሎ በኮረኮንቹ ላይ የአህያ ኮቴ፥ ከዚያም ከየአቅጣጫው የሚደርሰው ገበያተኛ እርስ በርሱ የሚለዋወጠው ሰላምታ ይሰማል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ የሸዋ ደጋ በአንድ ጊዜ ተቈርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ይህች የአንኮበር ወረዳ ከተማ፥ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከነገሡበት፥ ዳግማዊ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ከኖሩበት አምባ ብዙም የራቀች አይደለችምና፥ ስለ ቤትና ስለ ሕንጻ ሊያስብ የመጣ ሰው በዙሪያው ምስክር አያጣም።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ግን የነገሥታቱ አምባ ሳይሆን ከብት ተራው ነው። አንድ ጎረምሳ ገበሬ ለመጪው የእርሻ ወራት ጥማዱን የሚያሟላለት በሬ ሊገዛ መጥቶ፥ ዐይኑ በአንድ ቀይ ወይፈን ላይ ካረፈ በኋላ፥ ገንዘቡን በጋቢው ጫፍ እንደ ቋጠረ ወደ ኋላው ዘወር ብሎ አንድ ሽማግሌ ጠራ። ሽማግሌው የሻጩ ዘመድም የገዢው አባትም አልነበሩም፤ በሬ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ቀረብ ብለው የወይፈኑን ከንፈር ገልጠው ጥርሱን ቈጠሩ፥ ሻኛውን በመዳፋቸው ጫን ብለው መረመሩ፥ ጥፍሩንና ጉልበቱን ዳሰሱ፥ ጥቂት እርምጃ አስነድተው ከኋላው አረማመዱን ተመለከቱ፥ በመጨረሻም በቀኝ ነው በግራ የተገራው ብለው ጠየቁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጎረምሳውን በክንዱ ይዘው ፈቀቅ አደረጉትና በጆሮው ሁለት ቃል ነገሩት። ሻጩም አልተቈጣም፤ እንዲያውም ገዢው ያለ አዋቂ ብቻውን መጥቶ ገንዘብ ቢዘረጋለት ኖሮ ይደነቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሽማግሌው ስለ ድካማቸው ያገኙት ከገበያው ዳር የተቀዳ አንድ ጣሳ ጠላ ሲሆን፥ የጠላው ዋጋ የወጣው ከገዢው ኪስ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲያኖራት እለምናለሁ፤ የምናገረው ሁሉ በእርሷ ላይ የቆመ ነውና።

በዚያው ዕለት ማታ፥ በእንግድነት በተቀበሉኝ በአንድ የቀድሞ መምህር ቤት፥ እሳቱ ዳር ተቀምጠን ሳለ ስልክ ጮኸ። የደወለችው በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው ልጃቸው ነበረች። ለብዙ ዓመታት ካጠራቀመችው ገንዘብ ከፍላ፥ አባትና እናቷ በእርጅናቸው ከሐኪም ቤት አጠገብ እንዲኖሩበት፥ በደብረ ብርሃን ከሚሠራ አንድ ሕንጻ ላይ ሁለት መኝታ ክፍል ያለው ቤት ልትገዛ አስባለች፤ ሥዕሉም በስልካቸው ላይ ተልኮላቸው ነበርና፥ በመስተዋት የተሸፈነውን ገጽ፥ በበረንዳው ላይ የበቀለውን አበባ፥ ከጀርባው የተዘረጋውን ደመና የሌለበት ሰማይ ለእኔም አሳዩኝ። ሕንጻው ራሱ ግን ገና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

«አባባ፥ ልጁ እኮ ጥሩ ልጅ ነው» አለች ድምፅዋ ከወዲያ ማዶ፤ «ሁሉን ነገር እየላከ ያሳየኛል። ከእኔ ደግሞ አንድ ሳንቲም አይወስድም፤ ቅናሽም አስደርግልሻለሁ ብሎኛል።»

መምህሩ እሳቱን በእንጨት ቈስቈስ አድርገው ጥቂት ዝም አሉ። «ካንቺ ካልወሰደ፥ ልጄ፥ ከማን ይበላል?»

«ከኩባንያው ነዋ።»

«እንግዲያስ የኩባንያው ሰው ነው። ኩባንያው ለሰውዬው እንጀራ መስጠቱ ደግ አደረገ፤ ነውር የለበትም። ያንቺ ሰው የታለ?»

ልጅቱ መልስ አልነበራትም። በእውነቱ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን፥ ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን፥ ገና ያልተሠራ ወይም ዛሬ ተሠርቶ ያለቀ ቤት ከሚገዙት ወገኖቻችን መካከል ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ጥቂት ነው። የሥራውን አካሄድ የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፥ ሕንጻ ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ ገዢን የሚቀበሉ፥ መኪና አቅርበው ሳይት የሚያሳዩ፥ የክፍያውን ሠንጠረዥ የሚያብራሩ የሽያጭ ሠራተኞች አሉት፤ ከእነርሱም ውጭ በቴሌግራምና በቲክቶክ ማስታወቂያ እያወጡ ገዢ የሚያመጡ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ የሁሉም እንጀራ ቤቱ በተሸጠ ጊዜ ኩባንያው የሚከፍላቸው ኮሚሽን ነው። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሻጭ የራሱን ሰው መቅጠር መብቱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ገዢው ያንን ትሑትና ፈገግተኛ ሰው የራሱ አማካሪ አድርጎ በቈጠረው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ያ ሰው ምንም ያህል ቅን ልብ ቢኖረው፥ «ይህን ቤት አትግዛ» የሚለውን አንድ ቃል ሊናገር አይችልም። የሚያስተዳድረው ቤተሰብ አለውና።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር ላይ ጥልቅ ሐተታ አለው። ደላላ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፥ በዚያ ቋንቋ የሥሩ ፍቺ መንገድ ማሳየት፥ መምራት ማለት ነው፤ በእኛ አፍ ሲገባ ግን ደለለ ከሚለው ግስ ጋራ ጎን ለጎን ቆመና፥ መደለል ማባበልና ማታለል ስለሆነ፥ መደለያም ልብ ማለስለሻ ስጦታ ስለሆነ፥ መንገድ አሳዪው በሰሚው ጆሮ አባባይ ሆኖ ቀረ። ይህን ስል ደላሎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ያለ እነርሱ ከተማ አይንቀሳቀስም፥ በልማድ ሁለት በመቶ ተብሎ የሚታወቀውን ዋጋቸውን በላባቸው የሚያገኙ ብዙ ሐቀኞችም አሉ። ደላላ ግን በባሕርይው መካከለኛ ነው፤ ሁለቱን ወገን አገናኝቶ ውሉ እንዲታሰር ይተጋል፥ ትጋቱም ውሉ በመታሰሩ ይፈጸማል። ለአንድ ወገን ብቻ የሚቆመው ሰው ስሙ ሌላ ነው፤ አባቶቻችን በችሎት ሲሆን ነገረ ፈጅ፥ በገንዘብና በንብረት ሲሆን ወኪል፥ ንጉሡ ሥልጣኑን ከፍሎ ወደ ሩቅ አገር ሲልከው ደግሞ እንደራሴ አሉት። እንደ ራሴ! አንድ ሰው በሌለበት ስፍራ ልክ እርሱ ቆሞ እንደሚያይ የሚያይለት፥ እርሱ እንደሚጠራጠር የሚጠራጠርለት፥ እርሱ እንደሚሳሳለት የሚሳሳለት ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም በየትኛው ቋንቋ እንደሚገኝ አላውቅም።

ሕጉም ቢሆን ከቋንቋው ያነሰ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ፥ ስለ ውክልናም ክፍል ሰጥቶ ተናግሯል። በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ተረቅቆ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ውክልናን ከቍጥር 2199 ጀምሮ ሲያትት፥ ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን ልቡና እንዲኖረው በቍጥር 2208 ካዘዘ በኋላ፥ በሚቀጥለው ቍጥር ሥራውን ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና፥ ወካዩ ሳያውቅ ከሚያደርጋቸው ውሎች ለራሱ ምንም ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክላል። የሕጉን ቃል በራሴ አነጋገር ነው የገለጥሁት፤ ምሥጢሩ ግን ያው ነው። እንግዲህ ልብ ይሏል፦ ገዢው ወኪል ያደረገው ሰው ከሻጩ ኮሚሽን በስውር ከተቀበለ የጣሰው የወዳጅነትን ወግ ብቻ አይደለም፥ የአገሩንም ሕግ ነው። ገዢው ወኪል ሳያደርገው በደፈናው ያመነው ሰው ከሻጩ ቢቀበል ግን በዚህ አንቀጽ የሚጠየቅበት መንገድ የለም፤ ቀድሞውንም የእርሱ ሰው አልነበረምና። በቃልና በፊርማ የታሰረ ውክልና ያለውና የሌለው ገዢ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ይህን ሐሳብ ለመምህሩ ሳጫውታቸው፥ በወጣትነታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ሰው ነበሩና፥ ፈገግ ብለው ወደ ኦሪት መለሱኝ። በመጻሕፍት ውስጥ ከተጻፈው የርስት ግዥ ሁሉ ቀዳሚው፥ አሉ፥ አብርሃም ሣራን ለመቅበር የማክፌላን ዋሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን የገዛበት ነው። አብርሃም ባለጸጋና የተከበረ ሰው ሳለ፥ በአገሩ ግን እንግዳ መሆኑን ዐውቆ ብቻውን ወደ ሻጩ አልሄደም፤ በመጀመሪያ የአገሩን ሰዎች ስለ እርሱ ሆነው ኤፍሮንን እንዲያነጋግሩለት ለመናቸው። ዋጋውም በከተማው በር፥ ሕዝብ እየሰማ ተነገረ፤ አራት መቶ ሰቅል ብርም በነጋዴ ሚዛን ተመዘነ፤ የተገዛውም ነገር በደፈናው አልተጠራም፥ እርሻው፥ በውስጡ ያለው ዋሻ፥ በዙሪያው ያለው ዛፍ ሳይቀር በዝርዝር ተቈጠረ። «እንግዳ ሰው እንዲህ ነው የሚገዛ» አሉ መምህሩ፤ «ልጄም ለደብረ ብርሃን እንግዳ ናት። አሥራ ስምንት ዓመት አልኖረችበትም።»

ይህ ምሳሌ ብዙ አሳሰበኝ። ገና ያልተሠራ ቤት ለሚገዛ ሰው ሁሉም አገር እንግዳ አገር ነው፤ የሚገዛው ነገር ገና በወረቀት ላይ ያለ ተስፋ ነውና። የተሠራ ቤት ቢሆን ግድግዳውን ያንኳኳል፥ ጎረቤቱን ይጠይቃል፥ በዝናብ ቀን ሄዶ ጣሪያውን ያያል፤ ያልተሠራውን ግን በምን ይፈትነዋል? ስለዚህም ይመስላል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገና ያልተሠራ ቤት ለማስረከብ የሚደረግን ውል፥ በቍጥር 2876፥ ከተራ ሽያጭ አውጥቶ ስለ ሕንጻ ሥራ ውል በሚናገሩት ድንጋጌዎች እንዲገዛ ያደረገው። ከእነዚህም መካከል በቍጥር 3039 የሚገኘው ሠሪው ከርክክብ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው መልካምነትና ጽናት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ቤት ከገዙ ከማውቃቸው ሰዎች ስንቱ ይህን የዐሥር ዓመት ዋስትና እንደሚያውቅ ጠይቄ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ሰምቶት ነበር፥ እርሱም የሰማው ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

ተስፋን የመግዛት አደጋ በአገራችን በቃል ብቻ የሚወራ አይደለም። በ2000ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የአክሰስ ሪል እስቴት ነገር በደረሰ ጊዜ፥ ከ2,000 የሚበልጡ ቤት ገዢዎች ከአንድ ቢሊዮን ብር የሚበልጥ ገንዘብ ከፍለው ቤት ሳያገኙ ቀርተው፥ ጉዳዩ እስከ መንግሥት ደርሶ ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል አይተናል፤ ከእነዚያም ገዢዎች ብዙዎቹ በውጭ አገር ላባቸውን አፍስሰው ያጠራቀሙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ ከስድሳ ብር በታች የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከመቶ ብር አልፎ ሄደ፤ ብረቱ፥ ሊፍቱ፥ የኤሌክትሪክ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፥ በውሉ ውስጥ በአንዲት መስመር ተጽፋ ማንም ልብ ያላላት የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ የምትነሣበት ጊዜ ደረሰ። ከፊርማው በፊት ያችን መስመር በጣቱ ነክቶ «ይህ ምን ማለት ነው? ልኩስ እስከ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የነበረው ገዢ፥ እንደሌለው ገዢ አልተጎዳም።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሪል እስቴት ልማትንና ግብይትን፥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታንም የሚገዛ አዋጅ ማጽደቁ የሚያስመሰግን ነው። ከሌላ አገር ምሳሌ ብንወስድ፥ በዱባይ በ2007 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የወጣው ቍጥር 8 ሕግ፥ ገና ባልተሠራ ቤት የሚከፈለውን ገንዘብ ሠሪው እንደ ፈቀደ እንዳያወጣው በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ አስገድዷል፤ እንዲህ ያለውን ጥበቃ በየአገሩ ሕግ አውጪዎች ሲያስቡበት ቆይተዋል። ሆኖም አዋጅ ለሁሉ የተሰጠ አጥር ነው፤ በአጥሩ ውስጥ ሆኖ የአንዲትን ቤት በር የሚጠብቅ ዘበኛ ግን ገዢው ራሱ ካላቆመ ማንም አያቆምለትም።

የልጅቱ ነገር ወደ አሜሪካም ያሻግረናል። እርሷ በምትኖርበት አገር አዲስ ቤት የሚሸጥ ኩባንያ ለማሳያ አንድ ቤት አሳምሮ ያስጌጥና፥ በመግቢያው ላይ ቡናና ብስኩት ይዞ የሚቀበል ሰው ያቆማል፤ ያም ሰው የሠሪው ሰው ነው። ገዢው የራሱን ወኪል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን በብዙ ሠሪዎች ዘንድ ወኪሉ በመጀመሪያው ጉብኝት አብሮ ካልተገኘ ወይም ካልተመዘገበ በኋላ አይቀበሉትም፤ «ዝም ብዬ ላይ ገባሁ» ብሎ ብቻውን የገባ ሰው በዚያች ሰዓት ጠበቃውን እንዳጣ አያውቅም። ለብዙ ዘመንም የገዢው ወኪል ዋጋ ከሻጩ በኩል ይከፈል ስለነበረ፥ ገዢው ያለ ዋጋ የተሰጠው አገልግሎት ይመስለው ነበር። በዚህ ልማድ ላይ በፍርድ ቤት ክርክር ተነሥቶ፥ የቤት ሽያጭ ወኪሎች ብሔራዊ ማኅበር በ2024 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በመጋቢት ወር 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በዚያው አቈጣጠር ከነሐሴ 17 ቀን ጀምሮም አንድ ወኪል ለገዢ ቤት ከማሳየቱ በፊት ደመወዙ ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ የጽሑፍ ውል ከገዢው ጋራ እንዲፈራረም ግዴታ ሆነ። የዚያ ታላቅ አገር ሕግ ዐዋቂዎች ከረጅም ክርክር በኋላ የደረሱበት ነገር፥ የጎረቤላው መምህር እሳት ዳር ተቀምጠው በአንዲት ጥያቄ የደረሱበት መሆኑን ሳስብ፥ ስለ አባቶቻችን ማስተዋል ልቤ ሐሤት አደረገ።

«እንግዲያስ የገዢው ሰው የሚያየው ምንድን ነው?» ለሚል ሰው፥ የወረቀቱ ነገር ይቀድማል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቍጥር 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፥ ሰው የሚገዛው ሕንጻውንና በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ካርታው በማን ስም እንዳለ፥ የሊዙ ክፍያ እንዳልተቋረጠ፥ በንብረቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለ፥ የግንባታ ፈቃዱ ከሚሠራው ፎቅ ቍጥር ጋራ እንደሚስማማ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ሄዶ በዐይኑ ያያል። ሻጩ ግለሰብ ከሆነና ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ መኖሩን ይጠይቃል። በውሉ ላይ «100 ካሬ» ተብሎ የተጻፈው የቤቱ የውስጥ ስፋት ነው ወይስ የደረጃው፥ የመተላለፊያውና የሊፍቱ ድርሻ ተጨምሮበት ነው ብሎ ይለያል፤ ገብቶ የሚተኛበትን ስፋትና የሚከፍልበትን ስፋት ያለየ ገዢ ሜዳ ገዝቶ ጓዳ ይረከባልና። ቤቱ የሚሰጥበት ቀን በውሉ ላይ በዕለትና በወር ተጽፏልን? ቀኑ ቢያልፍ ሻጩ ምን ይከፍላል? ክፍያው የተሰናዳው በወራት ቍጥር ነው ወይስ ሥራው በደረሰበት ደረጃ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በእኔ አስተያየት ከሁሉም ይበልጣል፤ በወር የሚከፍል ሰው ሥራው ቆሞም ይከፍላል፥ በሥራው ደረጃ የሚከፍል ግን ሥራው ሲቆም እጁን ይሰበስባል።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ድንጋዩ ነው፤ በዚህ ላይ የአገሩን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ዋጋው አይተመንም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚወርድባት ከተማ ናት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውኃ ጋራ በመዋሐድ ነው፤ ብርድ ይህን ተዋሕዶ ያዘገየዋል፥ በውስጡ ያለው ውኃ ከቀዘቀዘም እየሰፋ ገና ያልጠናውን ልስን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ቀን ቀን ደግሞ የደጋው ፀሐይና ነፋስ ውኃውን ፈጥኖ ያተነዋልና፥ አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት በጆንያ ተሸፍኖ ውኃ ካልጠጣ ጉልበቱን ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር የፈሰሰውን ወለል ማን ሸፈነው፥ ማን ውኃ አጠጣው፥ የ28ኛው ቀን የጥንካሬ ፈተናስ ወረቀቱ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። በጎረቤላና በአንኮበር በኩል ከሆነ ደግሞ ጠላቱ ጉም ነው፤ ከቆላው የሚነሣው እርጥበት በግድግዳው ገብቶ ቀለሙን ያሳብጣል፥ ሳጥን ውስጥ ያለውን ነጠላ ያሻግታል፤ ለሞቃት አገር የተነደፈ፥ ጣሪያው ከግድግዳው እምብዛም የማይወጣ ቤት እዚያ ሁለት ክረምት አይሻገርም። በሥዕሉ ላይ ግን ጉም አይሣልም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ባለጸጋ የሆነ ገዢ መሐንዲስና ጠበቃ ለየብቻ ይይዛል፥ እንዲያ ሊያደርግ ያልቻለ ደግሞ ለአንድ ቀን ልፋት ዋጋ ከፍሎ ያስመረምራል። ለቤቱ ከሚከፈለው ሚሊዮን ብር ጋራ ሲተያይ ይህ ወጪ እጅግ ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ በሬ ሲገዛ አዋቂ የሚጠራ ሕዝብ፥ የዕድሜ ልክ ሀብቱን ለቤት ሲያወጣ ለአዋቂ የሚከፈለውን ዋጋ እንደ ብክነት መቍጠሩ እጅግ ያሳዝነኛል። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንማ በልማድ ወንድም፥ የአክስት ልጅ፥ አብሮ አደግ ወክለው ይልካሉ። የሥጋ ዝምድና ታማኝነትን ሊያበዛ ይችላል፥ ዕውቀትን ግን አይሰጥም፤ አንዳንዴም ታማኝነቱ ራሱ ይጎድላል። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሙሉ ውክልና የሰጠሁት አንድ የቅርብ ሰው ባልመረመረው ቤት ላይ ፈርሞልኝ፥ ያ ስሕተት እስከ ዛሬ ድረስ ኪሴንም ዝምድናችንንም ጎድቶታል፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ አልነበረም፥ ዐይን እንዲሆነኝ በላክሁት ሰው ላይ ብዕሩንም ከረጢቱንም ጭኜበት ነበርና። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ቤቱን የሚያየው ሰውና ገንዘቡን የሚይዘው ሰው እንዲለያዩ ነው፤ በኤምባሲ ተፈርሞ፥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፥ በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ የሚላከውም ውክልና የትኛውን ቤት፥ እስከ ስንት ብር፥ ምን ከታየ በኋላ ብሎ የተወሰነ ልዩ ውክልና ይሁን።

መምህሩ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፥ በማግሥቱ በማለዳ ጎረቤታቸውን አንድ ግንበኛ አስጠሩ፤ ዕድሜውን በደብረ ብርሃን ሕንጻዎች ላይ የፈጀ፥ አሁን ጕልበቱ ስለ ደከመ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነበር። የቀን ዋጋውን ተነጋገሩ፤ ልጅቱ በስልክ ሆና «እኔ እከፍላለሁ፥ ጋሼ፥ ካንተ የምፈልገው እውነቱን እንድትነግረኝ ብቻ ነው» አለችው። እርሱም «እኅቴ፥ እውነቱ ካስከፋሽሳ?» ብሎ ጠየቃት። «እሱን ነው የምገዛው» አለች።

ሦስታችንም በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ከሚሠራው ሕንጻ አጠገብ በዚያው ኩባንያ የተሠራና ዘንድሮ ለነዋሪዎች የተላለፈ ሌላ ሕንጻ ነበርና፥ የሽያጭ ሠራተኛው በደስታ ተቀብሎ ለማሳያ የተተወውን ቤት ከፈተልን። ትሑት ወጣት ነበር፤ ስለ መስኮቱ፥ ስለ ወጥ ቤቱ ዕብነ በረድ፥ ስለ ጄኔሬተሩ አሳምሮ ተናገረ። ግንበኛው ቃል ሳይመልስ ግድግዳውን በጣቱ አጥንት እያንኳኳ ዞረ፤ በአንዱ ማዕዘን ላይ ቆሞ ደጋግሞ አንኳኳና ጆሮውን አስጠጋ፤ በሮቹን ከፍቶ ለቀቃቸው፥ አንዱ በር በራሱ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብቶ ባልዲ ለመነ።

ወጣቱ ተገረመ። «ይቅርታ አባቴ፥ እርስዎ የቤቱ ገዢ ነዎት?»

«የገዢዋ ሰው ነኝ» አለ ግንበኛው፤ ባልዲውን ሞልቶ ውኃውን በወለሉ መካከል ቀስ ብሎ አፈሰሰው። ውኃው ጥቂት ቆሞ አንጸባረቀ፤ ከዚያ ወደ ማውረጃው ቀዳዳ መሄዱን ትቶ በቀስታ ወደ በሩ፥ ከበሩም ወደ መኝታ ቤቱ ወለል ይወርድ ጀመር። መምህሩ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ለልጃቸው አሳዩአት። ግንበኛው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፥ ጣቱን በውኃው መንገድ ላይ አኑሮ፥ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትቆም ድረስ ሳይናገር ጠበቀ።